በማሽላ ላይ የተሰቀለ ምርቃት

አንድ ሰው ነበረ፣ ቪዲዮ ቤት ያለው።

ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም፣ ወይንሸት። «የምንገባበት ቤት ጠባብ ነው፤ ባለቤቴም ፊልሙ ሁሉ ስልክ ውስጥ እያለ ይህን የሲዲ ካርቶን ተሸክመን የምንዞረው ለምንድን ነው ይለኛል፤ ልጣለው ወይስ ላስቀምጠው?» ነው ያልሽኝ። ጣይው ብልሽ ነገ ትወቅሽኛለሽ። አስቀምጪው ብልሽ ደግሞ ባልሽ «ሽማግሌ ሲጃጅ ዕቃ መሰብሰብ ይወዳል» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽና ፍርዱን አንቺው ስጪ።

ሰውዬው የሚኖረው ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ቤት ለመባል የሚበቃ አልነበረም። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ መስኮቱ ላይ የተጋረደ ብርድ ልብስ፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥንና ማጫወቻ። በሩ ላይ በተደገፈ ጥቁር ሰሌዳ የቀኑ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል። የገበያ ቀን ገበሬው አህያውን ውጭ አስሮ ይገባል፤ ወጣቱ ተጋፍቶ ይገባል፤ መግቢያ ያጣው ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ድምፁን ብቻ ሲኮመኩም ይውላል።

ሰውዬው ሲዲዎቹን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃቸው። ሲያነሳቸው ጠርዛቸውን ብቻ ይይዛል። ሲያጸዳቸው ከመሃል ወደ ዳር ይጠርጋል እንጂ ዙሪያውን አያሽም፤ ዙሪያውን የተጠረገ ሲዲ ቶሎ ይሞታል ይል ነበር። በቅባት እጁ ሲዲ የነካ ሰው ያን ቀን ፊልም አያይም። ብዙ ሰው ተቀይሞታል በዚህ ጠባዩ።

ከሲዲዎቹ ሁሉ ግን አንዲቱ የተለየች ነበረች። ታሪኳ እንዲህ ነው።

ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጥተው በከተማዋ ሰነበቱ። ፊልሙ ያን ያህል የሚወራለት አልነበረም፤ አንድ ሀብታም፣ አንዲት ድሃ፣ ብዙ ልቅሶ፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ። የሰውዬው ሚስት ለሠሪዎቹ ምግብ ታበስል ነበር። የሠርጉ ቀን የሙሽራዪቱን እናት ሆና የምትሠራው ሴት መኪና ተበላሽቶባት ሳትመጣ ቀረች። ፀሐይ እየዞረች ሄደች። አለቃቸው ግራ ቀኝ ሲል የሰውዬውን ሚስት ጭልፋ ይዛ ቆማ አያት። «እስቲ አንቺ ነይ» አላት፤ «እናት ልጇን ስትድር የምትለውን በይ።»

የምትለው ነገር አልተጻፈላትም። ጭልፋውን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ ያቺን የማታውቃትን ልጅ መረቀቻት። መረቀቻት ስልሽ ካሜራውን ረስታ፣ የምሯን ነው። መብራት የያዙት ሠራተኞች ሳይቀሩ «አሜን» አሉ፤ አለቃቸውም ዝም በሉ ማለቱን ረሳው።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሴትዮዋ በወባ ሞተች። አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ጡት ያልጣለች። ከእናቲቱ የቀረ ፎቶ ቢኖር አንድ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ እሱም ላይ የፈራች ትመስላለች። ፊልም ሠሪዎቹ መሞቷን ሲሰሙ አዘኑና፣ ሥራቸው ሲያልቅ ለውለታዋ አንዲት ሲዲ ላኩ። የሴትዮዋ ድምፅ ያለው እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ሰውዬው ለሚስቱ ተዝካር ቪዲዮ ቤቱን በነጻ ከፍቶ ፊልሙን ለከተማው አሳየ። ሕዝቡ ከቴሌቪዥን ፊት ቆሞ «አሜን፣ አሜን» እያለ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ግን ሲዲዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጣት፤ ለሰውም አላሳያት። በዓመት አንድ ቀን፣ ሚስቱ ባረፈችበት ቀን፣ ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይከፍትላታል። ፊልሙ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሠርጉ ይደርሳል፤ እናቲቱ ብቅ ትላለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ እጆቿን ትዘረጋለች። ይኼኔ ያቆመዋል።

«የቀረው በሠርግሽ ቀን ነው» ይላታል። «ምርቃት ቀድሞ አይሰማም። በቀኑ ነው የሚይዘው።» እሱ ግን ልጂቱ ስትተኛ ቀሪውን ብቻውን ይሰማዋል።

ልጂቱ በሕፃንነቷ ታለቅስ ነበር። ስታድግ ለመደችው፤ ጭራሽ ወደደችው። ሌሎች ልጆች እናት አላቸው፤ እሷ ደግሞ የምትጠብቀው እናት ነበራት። የእነዚያን የተዘረጉ እጆች እያንዳንዱን ጣት ታውቀዋለች። ከእጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ድምፅ ግን ሰምታው አታውቅም። አባቷ ቤት በሌለ ጊዜ ከፍታ ልትሰማው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። እንዲህ ያለች ልጅ ናት።

ታዲያ ዘመኑ ተለወጠ። ሰው ሁሉ ቪዲዮ ቤቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ጀመረ። አግዳሚዎቹ ባዶ ሆኑ። ሰውዬው ሰሌዳውን አጠፋና ክፍሉን የሲሚንቶና የምስማር መሸጫ አደረገው፤ ሲዲዎቹን በካርቶን ከቶ ጥግ ላይ አኖራቸው። አልተከፋም። የሚመጣን ነገር አይቶ መቀበል የሚችል ሰው ነበር። ልጁም ደርሳ ታጨች፤ የሚያስጨንቀው እሱ ነበር እንጂ ቪዲዮ ቤቱ አልነበረም።

ለእንቁጣጣሽ የእህቱ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። አጎቱን የሚወድ፣ እጁ ስልክ ላይ የፈጠነ ልጅ ነው። ፊልም ከሚያሳየው የስልክ አገልግሎት ውስጥ ሲፈልግ ቆየና ድንገት ጮኸ።

«አጎቴ፣ ይኸ ያ ፊልም አይደለም እንዴ?»

ያው ራሱ ነበር። ሰውዬው ስልኩን ተቀብሎ ከሲሚንቶው ጀርባ ብቻውን ተቀመጠና ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከሲዲዋ ይልቅ ይጠራል። በሲዲዋ ላይ ጥላ ብቻ የነበረው የሚስቱ የአንገት ንቅሳት እዚህ መስመር በመስመር ታየው። ስንት ዘመን የረሳው ንቅሳት! እንባው ስልኩ ላይ ወረደ፤ በክንዱ ጠረገው።

«ይኸ የእኔ እንዲሆን ምን ይደረጋል?» ሲል ጠየቀ።

«መግዛት ነዋ!» አለ ልጁና በአጎቱ ስልክ ላይ «ግዛ» የምትለዋን ነካት። «በቃ፣ ገዛነው። ከእንግዲህ አይቧጨርም፣ አይጥ አይበላውም፣ ሌባ አይወስደውም። ስልክህ እንኳ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ታገኘዋለህ።»

ልጁ አልዋሸም። የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

አንቺ አሁን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ትዝ ብሎሻል። ቆይ። ያ ተረት ወተቷን ላላየ ሰው ነው። ይኸ ሰው ላሟን አይቷታል፣ አልቧታል፣ ወተቷም ጣፍጦታል። ያታለለው እኮ ይኸው ነው። ምንም ያልቀመሰ ሰው መች ይታለላል?

በዚያው ሳምንት አንድ ገበሬ መጣ። የቪዲዮ ቤቱ የዱሮ ደንበኛ ነው፤ ማሳው ከከተማው ዳር ተነስቶ እስከ ወንዙ ይዘልቃል። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ግሪሳ ወረደበት። ግሪሳ እንደ ደመና መጥቶ፣ ማሳውን አገዳ ብቻ አስቀርቶት የሚሄድ ወፍ ነው። በፊት ገበሬው የካሴት ክር ከእንጨት እንጨት ይወጥር ነበር፤ ንፋስ ሲመታው ያፏጫል፣ ወፉም ይሸሻል። ካሴት ከጠፋ ወዲህ ክሩም ጠፋ።

«ያ ሁሉ ሲዲህ የት ደረሰ?» አለው። «ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ወፍ ይፈራዋል አሉ።»

ሰውዬው ካርቶኑን ጎትቶ አወጣለት። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለችውን ለይቶ ወደ ጎን አኖራት። ገበሬው ሲዲዎቹን እያገላበጠ በልቡ ማሳውን ዞረና «ይኸ አይበቃም፤ በወንዙ በኩል ያለችው ማዕዘን ባዶዋን ትቀረኛለች» አለ፤ «ወፉ የሚገባው ደግሞ በእሷ ነው።» ከዚያ ጨርቋን አያት። «ይቺስ?»

«ይቺ እንኳ...» አለ ሰውዬው።

«ካስፈለገችህ ተዋት። ሌላ ቦታ እጠይቃለሁ።»

ሰውዬው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ፊልሙን ከፈተ፤ ወደ መጨረሻው ገፋው። ሚስቱ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፤ ንቅሳቷም አለ። መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ውሰዳት» አለ። «እኔ ጋ የተሻለች አለችኝ።»

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እንዲህ ሆኖ ነው የሚቆጠረው፤ በክፋት አይደለም፣ በስካርም አይደለም፤ እያዩና እያሰቡ ነው። ማጫወቻውን ግን ገበሬው አልፈለገውም፤ ወፍ አያባርርም። እሱ ከሲሚንቶው ጀርባ ቀረ።

የልጂቱ ሠርግ የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ሆነ። ዳስ ተጣለ፤ ከተማው ተጠራ፤ ገበሬውም ከነሚስቱ ተጠራ። አባትና እናት ከሚቀመጡበት ላይ ሰውዬው ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አስቀመጠ። በአንዱ እሱ ተቀመጠ፤ በሌላው ላይ ቴሌቪዥኑን አኖረው፤ የሚስቱን ነጠላም በወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረገ። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ሊስቅ ቃጣው፤ የከተማው ሰው ግን ያን ተዝካር ያስታውሳልና ገና ሳይጀመር ነጠላውን ወደ ዓይኑ ወሰደ።

ሙሽራዪቱ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሱም መረቃት፤ በአጭሩ፣ እንደ ነገሩ። የእሱን ማን ጠበቀ? ከዚያ በእናቷ ወንበር ፊት ተንበረከከችና የቬሏን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች። የእህቱ ልጅ የአጎቱን ስልክ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ፊልሙን ከፈተ።

የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቁሮ አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣበት፦ ይህ ፊልም በአሁኑ ጊዜ አይገኝም።

«ኔትወርክ ነው» አለ አንዱ። ስልኩን ይዘው ከዳሱ ወጡ፤ ወደ ከፍታው ሄዱ፤ ተመለሱ። ያው ነው። ሌላ ፊልም ሲነኩ ይከፈታል፤ ሌላም ሲነኩ ይከፈታል። ያ ብቻ የለም።

«ገዝተነው የለም እንዴ?» አለ ሰውዬው።

«ገዝተነዋል፣ አጎቴ።»

«ታዲያ የገዛሁት ነገር የት ሄደ?»

ልጁ ቆሞ የአገልግሎቱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ያን ጊዜ እንቁጣጣሽ ላይ አላነበበውም ነበር፤ ማን ያነበዋል? ፊቱ እየከሰለ ሄደ። «የገዛነው...» አለ፤ «የገዛነው ፊልሙን አይደለም። እነሱ ጋ እስካለ ድረስ ማየቱን ነው። የፊልሙ ባለቤት ፈቃዱን ከለከላቸው፤ እነሱም አነሱት።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ሰውዬው።

ማንም አልሳቀም። ውጭ የሙሽራው መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመዋል፤ የሙሽራው ሽማግሌዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ሙሽራዪቱ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን ትል ነበር? በቃ አንተ ንገረኝ።»

«እኔ አልነግርሽም። እሷ ናት የምትነግርሽ።»

ይኼኔ ገበሬው ጉርሻውን ሳይውጥ ከማዕዱ ተነሳ። «ሲዲዋ ማሽላዬ ላይ ናት» አለ። «በወንዙ በኩል። እኔው ነኝ የሰቀልኳት፣ አውቃታለሁ።»

ሁለቱም ሮጡ። ከሙሽራው ሽማግሌዎች አንዱ ከኋላቸው እያየ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ግን ያን ቀን የሚባል አልነበረም። ሰውዬው አዲስ ሱፍ ለብሷል፤ ለሠርጉ የተገዛው ጫማ ተረከዙን ይልጠዋል። መንገዱ አልቆ ማሽላው ተቀበላቸው። ከቁመቱ በላይ ያለፈ ማሽላ ነው፤ ቅጠሉ ጉንጩን ይተለትለዋል፤ ጫማውም ትልሙ ውስጥ እየገባ ይይዘዋል። ከራሱ በላይ የዱሮ ፊልሞቹ ሁሉ በክር ተንጠልጥለው ይሽከረከራሉ፤ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ያበራል። ወፍ የሚባል ዝር አላለም። ሲዲዎቹ የተላኩበትን ሥራ በሚገባ ሠርተዋል።

ማዕዘኑ ጋ ደረሱ። ገበሬው ክሩን በጥሶ ሲዲዋን ሰጠውና «ለመሆኑ ምን ነበር እሷ ላይ?» ብሎ ጠየቀ።

«የሚስቴ ምርቃት። ለልጄ።»

ገበሬው ክሩን በእጁ እንደያዘ ቀረ። «አንተ ሰው!» አለ። «ዘርህን ነው እንዴ የሰጠኸኝ? እኔ ትርፍ መስሎኝ! እኛ ዓመቱ ቢከፋ የዘሩን ጎታ አንከፍትም። ልጆቻችን እየራባቸው እንኳ አንከፍትም!»

ሰውዬው ሲዲዋን እንደ ዱሮው በጠርዟ ሊይዛት ፈለገ፤ ጠርዝ ግን አልነበራትም። ንፋስ ባወዛወዛት ቁጥር ከእንጨቱ ጋር ስትጋጭ ነው የከረመችው፤ ዳር ዳሩ ተሸራርፎ፣ የሚያበራው ቆዳዋ ተልጦ፣ ከዚያ በኩል ብርሃን ያሳልፋል። መሃሏ ደህና ነው። ፊልም ግን ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር ነው የሚሄደው፤ ይህን ከሰውዬው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሠርጉ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻው ደግሞ ዳር ነው።

ወደ ዳሱ ሲመለስ ፊቱ ደምቷል፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ከሲሚንቶው ጀርባ ማጫወቻውን አመጡ። ሴቶቹ የጥርስ ሳሙና አመጡ፤ የተቧጨረ ሲዲ በጥርስ ሳሙና ሲታሽ አንዳንዴ ይነሳል። ሰውዬው ተንበርክኮ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር ጠረጋት። ሙሽራው ራሱ ከመኪናው ወርዶ ገባና ሚዜዎቹን «ዝም በሉ» አላቸው። ከዚያ ማጫወቻው ሲዲዋን ዋጠ።

ሀብታሙ መጣ፣ ድሃዪቱ መጣች፣ ልቅሶው መጣ። ወደ ሠርጉ ሲቃረብ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። እናቲቱ ብቅ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። እጆቿን ዘረጋች። ልጂቱ እስከዚህ ድረስ ታውቀዋለች፤ ዘወትር እዚህ ላይ ነበር የሚቆመው። አሁን አልቆመም።

«ልጄ» አለች እናቲቱ፣ ወፈር ባለ የቆላ ድምፅ። «እግዜር በፊትሽ ይቅደም። የገባሽበት ቤት ይሙላ። እጅሽ የነካው ይባረክ። ስታለቅሺ እንባሽን የሚያብስልሽ...»

ቆመ። አፏ እንደተከፈተ፣ እጆቿም እንደተዘረጉ ቀሩ። ማጫወቻው ውስጥ ውስጡን አጉረመረመ፣ ሞከረ፣ ደግሞ አጉረመረመ፣ ዝም አለ። ሰውዬው አወጣት፣ ጠረጋት፣ መለሳት። እዚያው ላይ ቆመ። በተዝካሩ ቀን የነበሩ አሮጊቶች ሊረዱ ሞከሩ፤ አንዷ «ከዚህ ቀጥላ 'ጎረቤት ይውደድሽ' ነው ያለችው» ስትል፣ ሌላዋ «የለም፣ 'ክፉ አይይሽ' ነው» አለቻት። ሁለቱም አላስታወሱትም።

«ከዚያስ፣ አባዬ?» አለች ሙሽራዪቱ።

ሰውዬው አንድ እግሩ ባዶውን በቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከዓመት ዓመት ብቻውን ሲሰማው የኖረውን ሊረሳው አይችልም። እጆቹን ዘረጋ።

«ሰው አይጥፋብሽ» አለ። «ውለጂ፣ ክበጂ። እኔን ያገኘኝ ደስታ ያግኝሽ።»

ሚስቱ ያን ስትል እሱን ማለቷ ነበር። አሁን እሱ ሲለው እሷን ማለቱ ሆነ። ዳሱ በሙሉ «አሜን» አለ፤ ልጂቱም ተነስታ መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን መስታወት፣ ቀጥሎ የአባቷን ጉልበት ስማ ወጣች።

አንዳንድ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆምና «አየህ፣ እንዲያውም ከሁለቱም ተመረቀች፤ ለበጎ ነው» ይላል። እኔ አልልም። የአባቷ ምርቃት መቼም የእሷ ነበር፤ ጠዋት ልትቀበለው፣ ማታ ልትቀበለው ትችል ነበር። ያ ቀን የእናቷ ቀን ነበር። እናቷ መጥታ በር ላይ ደርሳ ነበር፤ እንድትገባ ያላደረጋት የገዛ ባሏ ነው።

ፊልሙን ደግሞ፣ ካላወቅሽ፣ መልሰው አመጡት። ፋሲካ ሲያልፍ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተስማሙ አሉ፤ አንድ ቀን እዚያው ቦታው ላይ ተገኘ፣ ንጹሕ እንደ ሆነ፣ ከነንቅሳቱ። ልጂቱ ባሏ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ሙሉውን ሰማችው። ደስ አላት፣ አለቀሰችም። ግን ሠርጉ ተመልሶ አልመጣም። ፊልሙ የመጣው ባለቤቶቹ በፈለጉት ቀን ነው፤ እሷ በፈለገችው ቀን አልነበረም።

እንግዲህ ወይንሸት፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ ካርቶኑም ያንቺው ካርቶን ነው። በስልክ አትዪ አላልኩሽም። እኔም ልጆቼ ከፍተውልኝ አያለሁ፣ ሲጠራም ደስ ይለኛል። ስልኩ የሰው ድግስ ነው፤ ከተጠራሽ ሂጂ፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ አመስግነሽ ተመለሺ። ድግስ አለ ብሎ ግን የዘሩን ጎታ ለሰው የሚሰጥ ገበሬ የለም። ደጋሹ በሩን የሚዘጋበትን ቀን አይነግርሽም፤ ላንቺ ቀን ሲልም በሩን አይከፍትም።

ስለዚህ ካርቶኑን ዛሬ ክፈቺውና አንድ በአንድ እያነሳሽ እይው። በጠርዙ ያዢው፣ በቅባት እጅ እንዳትነኪው። እያንዳንዱ ላይ ራስሽን ጠይቂ፤ ይኸ በሚያስፈልገኝ ቀን ቢታጣ በሠርግ ጫማዬ ማሽላ ውስጥ እሮጣለሁ ወይ? የማያስሮጥሽን ለገበሬ ስጪው፤ ወፍ ያባርርበት፣ እሱም ሥራ ነው። የሚያስሮጥሽን ከነማጫወቻው ይዘሽው ግቢ። ቤቱ ጠባብ ነው ላልሽው ደግሞ ለባልሽ እንዲህ በዪው፦ ዘር ብዙ ቦታ አይፈጅም።